በአንድ ጠለል ላይ ያረፉ ነጥቦች ኮንቬክስ ልባስና ይዘት በኮምፒዩተር ሲሰላ

በሜዳ ላይ ብዙ ችካሎች ተተክለው ሁሉንም ከውጭ በጥብቅ በተወጠረ ገመድ ቢከቧቸው፣ ገመዱ የሚያቅፈው ቅርጽ የነጥቦቹ ኮንቬክስ ልባስ ይባላል። ገመዱ የሚታጠፍባቸው ችካሎች የቅርጹ ማዕዘኖች ሲሆኑ የቀሩት በውስጥ ወይም በጠርዙ ላይ ይውላሉ። ነጥቦቹ በሕዋ ውስጥ የተበተኑ በሆኑ ጊዜ ግን የገመዱን ቦታ በየአቅጣጫው የተወጠረ ስስ ሽፋን ይተካዋል፤ የሚለካውም ስፋት መሆኑ ቀርቶ ይዘት ይሆናል።

ለጠለል ነጥቦች ሮናልድ ግሬሃም እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተሙት አልጎሪዝም ነጥቦቹን በማዕዘን ቅደም ተከተል አሰልፎ፣ ዙሪያውን ወደ ውስጥ የሚያጎብጡትን እያነሣ ይጥላል። ለሦስትና ከዚያም በላይ ለሆኑ ዳይሜንሽኖች በሰፊው የሚሠራበት ኪውሀል የተባለው ፕሮግራም ነው፤ ስልቱንም ብራድፎርድ ባርበር፣ ዴቪድ ዶብኪንና ሃኑ ሁህዳንፓ በ1996 ባወጡት ጽሑፍ ገልጸውታል። በፓይተን ቋንቋ የሚገኘው ሳይፓይ የተባለው የስሌት ፕሮግራሞች ስብስብም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው።

ኪውሀል በሦስት ዳይሜንሽን ሥራውን የሚጀምረው በአንድ ጠለል ላይ የማይውሉ አራት ነጥቦችን መርጦ ከእነርሱ ባለ አራት ገጽ ጠጣር ምስል በመሥራት ነው። ነጥቦቹ በሙሉ በአንድ ጠለል ላይ ካረፉ እንዲህ ያለ መነሻ ስለማይገኝ፣ ፕሮግራሙ ምስሉ ጠፍጣፋ መሆኑን የሚገልጽ የስሕተት መልእክት ሰጥቶ ይቆማል። በሒሳብ ረገድ ግን ጥያቄው መልስ አለው፤ ይዘቱ ዜሮ ነው። መልእክቱን «ይህ ምስል ልባስ የለውም» ብሎ የሚተረጉም ተማሪ እንግዲህ ይሳሳታል።

ለምሳሌ የሦስቱ ኮኦርዲኔቶች ድምር 6 በሆነበት ጠለል ላይ የሚውሉትን (6፣ 0፣ 0)፣ (0፣ 6፣ 0)፣ (0፣ 0፣ 6) እና (2፣ 2፣ 2) የተባሉ ነጥቦች እንውሰድ። አራተኛው ነጥብ በውስጥ ስለሚውል ልባሱ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ ሦስት ነው፤ እያንዳንዱ ጎን ወደ 8.49፣ ስፋቱም ወደ 31.18 ይሆናል።

ብዙዎች ከስሕተት መልእክቱ ለመገላገል ነጥቦቹን በጥቂቱ የሚያነቃንቀውን የፕሮግራሙን አማራጭ ይመርጣሉ። ያን ጊዜ ጠፍጣፋው ምስል እጅግ ቀጭን ጠጣር ሆኖ ስለሚታይ ይዘቱ ለዜሮ በጣም የቀረበ ቁጥር ይወጣል። የገጹ ስፋት ግን 62.35 ያህል ይሆናል፤ ፕሮግራሙ የጎነ ሦስቱን ሁለት ገጾች ደምሯልና! ይህን ቁጥር ሳይመረምር የወሰደ ሰው እውነተኛውን ስፋት እጥፍ አደረገው ማለት ነው።

ሌላው ልማድ ሦስተኛውን ኮኦርዲኔት መጣል ነው። ጠለሉ ቀጥ ብሎ የቆመ እስካልሆነ ድረስ በዚህ መንገድ የልባሱ ማዕዘኖች የትኞቹ እንደሆኑ በትክክል ይታወቃል። ስፋቱ ግን ይለወጣል፤ በምሳሌው 31.18 የነበረው 18 ብቻ ይሆናል። በካርታ ላይ የሚመዘገበው አግድም ስፋት በመሆኑ፣ ለመሬት ቀያሽ 18 የሚፈለገው ቁጥር ሊሆን ይችላል። የተዳፋቱን ገጽ ለሚሸፍን ሰው ግን ሣሩ ሳይበቃው ይቀራል።

የተሻለው መንገድ በጠለሉ ላይ እርስ በርሳቸው ቀጤ ነክ የሆኑ ሁለት አዲስ አክሲሶችን አቁሞ እያንዳንዱን ነጥብ በሁለት ኮኦርዲኔቶች መግለጽ ነው። ርዝመት ስለማይለወጥ ስፋቱ እንዳለ ይጠበቃል። እዚህ ላይ አንድ የስያሜ ነገር ያደናግራል፤ ሳይፓይ ባለ ሁለት ዳይሜንሽን ነጥቦች ሲሰጡት «ይዘት» ብሎ የሚያወጣው 31.18 ስፋቱ ሲሆን፣ «ስፋት» የሚለው 25.46 ደግሞ መጠነ ዙሪያው ነው።

የሚቀረው ጠፍጣፋነትን የመወሰን ጉዳይ ነው። ኮምፒዩተር 0.1ን እንኳ በሁለትዮሽ ቁጥር በትክክል ሊጽፈው ስለማይችል፣ በአንድ ጠለል ላይ መሆን የሚገባቸው ነጥቦች ከአሥራ አምስተኛው አኀዝ አካባቢ ጀምሮ ከጠለሉ ሊያፈነግጡ ይችላሉ። ስለዚህ ከስሌቱ በፊት ነጥቦቹ ከአማካያቸው ተነሥተው በሦስት ቀጤ ነክ አቅጣጫዎች ምን ያህል እንደተዘረጉ ይለካል፤ ከትልቁ ዝርጋት አንጻር እጅግ ኢምንት የሆነው እንደ ዜሮ ይቆጠራል። ኢምንት የሚባለውን የሚወስነው መረጃው የተገኘበት መንገድ ነው። በሜትር ተለክቶ እስከ ሴንቲሜትር የተመዘገበ ቁጥር ሁለት ሚሊሜትር ቢያፈነግጥ ጠፍጣፋ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ በቀመር ለተገኙ ኮኦርዲኔቶች ግን ይኸው ልዩነት እውነተኛ ውፍረት ነው።