ደጋንና የካርቦን ጀርባ፦ የበረታ ሁሉ ይበጃልን?

በአገራችን ደጋን ሲባል ለብዙዎች ትዝ የሚለው ጥጥ መንደፊያው ነው። ጥጥ የሚነደፍበትም ሆነ ቀስት የሚወረወርበት ደጋን የሚገዛው በአንድ ሕግ ነው፤ ሲታጠፍ ኃይል ያከማቻል፣ ሲለቀቅ ይመልሳል። ለስፖርት የሚውለው ዘመናዊ ደጋን ስስ የእንጨት ወይም የቀርከሃ ንጣፎች በኢፖክሲ ተጣብቀው የሚሠራ ሲሆን፣ ጀርባው አንዳንድ ጊዜ በካርቦን ፋይበር ይለበጣል። ታዲያ ልባጡ እንዴት ይመረጣል?

ደጋን ሲሳብ ወደ ዒላማው የዞረው ጀርባ ይለጠጣል፤ ወደ ወርዋሪው የዞረው ሆድ ይታመቃል። በመካከላቸው የማይለጠጥና የማይታመቅ ገለልተኛ መስመር አለ።

ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር፣ ያንግ ሞጁለሱ 12 ጊጋፓስካል የሆነ እንጨት በምሳሌነት እንውሰድ። ገለልተኛው መስመር ከሆዱ 5 ሚሊሜትር ርቆ ይገኛል። በጀርባው 0.5 ሚሊሜትር ውፍረትና 120 ጊጋፓስካል ሞጁለስ ያለው ካርቦን ብንለብጥ፣ መስመሩ ወደ ጀርባ ተስቦ 6.75 ሚሊሜትር ላይ ይውላል። ስለሆነም ደጋኑ በእኩል መጠን ሲታጠፍ የሆዱ መታመቅ በ35 በመቶ ይጨምራል። ሞጁለሱ 40 ጊጋፓስካል በሆነ ፋይበር ግላስ ብንተካው ጭማሪው 15 በመቶ ብቻ ይሆናል። እንጨት መለጠጥን የሚችለውን ያህል መታመቅን ስለማይችል፣ ጀርባው ደኅና ሳለ ሆዱ ይሰባበራል። በሙሉ ስበት ላይ የሚሰበር ደጋን ደግሞ ወርዋሪውን ሊጎዳ ይችላል።

ካርቦን ጥቅም የለውም ማለታችን አይደለም። ከፋይበር ግላስ ይቀላልና በደጋኑ ጫፎች ላይ የሚባክነውን ኃይል ይቀንሳል፤ ቀስቱም ይፈጥናል። ነገር ግን ልባጡን ማሳሳት፣ ወይም ሆዱንም በተመጣጣኝ ነገር መለበጥ ያስፈልጋል። የክሮቹም አቅጣጫ ወሳኝ ነው፤ በርዝመት ብቻ የተዘረጉ ክሮች መታጠፍን በሚገባ ይቋቋማሉ፣ በ45 ዲግሪ የተሰናዱት ደግሞ መጠምዘዝን ይከላከላሉ።

ይኸው ሚዛን በሰሚት ነዋሪዎች አቅራቢያ፣ በቦሌ አየር ማረፊያ በሚያርፉ አውሮፕላኖችም ላይ ይታያል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ተረክቧል። የዚህ አውሮፕላን አካል በክብደት ግማሽ ያህሉ የካርቦን ፋይበርና መሰል ድብልቅ ቁሶች ነው። ክንፉ በበረራ ላይ ወደ ላይ ሲለመጥ የታችኛው ገጹ ይለጠጣል፣ የላይኛው ይታመቃል፤ መሐንዲሶቹም የክሮቹን ንብርብር የሚያሰናዱት ሁለቱንም ገጾች አስልተው ነው።

ደጋን ለመሥራት የሚነሣ ተማሪም እንዲሁ ያድርግ፤ ካርቦኑን ሲሞርድ አፍንጫውንና አፉን ይሸፍን፣ ካርቦኑን ከመግዛቱም በፊት የሆዱን አቅም ያስላ።