እጅ የሚጨብጠው በጉልበት ብቻ አይደለም

ቡና ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ ስኒ ስናጥብ እጃችን ምን እንደሚሠራ ልብ ብለን እናውቃለን? ሳሙና የነካው ስኒ ያዳልጣል። ሊያመልጠን ሲል ጣቶቻችን ሳናዛቸው ጠበቅ ያደርጉታል። ያው እጅ እንቁላል ሲያነሳ ለዘብ ይላል። ሕፃን ልጃችንን መንገድ ስናሻግር እንዳያመልጠን አጥብቀን፣ እንዳናሳምመውም አለዝበን የምንይዘው በዚሁ እጅ ነው። ይህን ሁሉ የምናደርገው ዓይናችን ሌላ ቦታ እያየ፣ አፋችን ከጎረቤት ጋር እያወጋ ነው።

ለዚህ ችሎታ ምንጩ የጡንቻ ብርታት ብቻ አይደለም። ከመዳፋችንና ከጣቶቻችን ቆዳ ሥር በአንድ እጅ ብቻ ወደ 17,000 የሚጠጉ የመዳሰስ ስሜት ተቀባዮች ይገኛሉ። ሮላንድ ዮሃንሶን እና ጎራን ዌስትሊንግ የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት እንዳስረዱት፣ ሰው ዕቃ ሲይዝ የሚጠቀመው ኃይል ዕቃው እንዳይንሸራተት ከሚያስፈልገው ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ነው። ዕቃው መንሸራተት ሲጀምር ጣቶች ከአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ይጠብቃሉ። ነገር ግን ጣቶች በማደንዘዣ ሲደነዝዙ፣ ጡንቻው እንዳለ ቢሆንም፣ ይህ ሚዛን ይዛባል።

የማይሰማው እጅ

እጁን በአደጋ ያጣ ሰው ሰው ሠራሽ እጅ ሲገጠምለት የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዓይነት በባትሪና በሞተር ይንቀሳቀሳል። ባለቤቱ የቀረውን የክንዱን ጡንቻ ሲያኮማትር፣ በቆዳው ላይ ያረፉ መሣሪያዎች ከጡንቻው የሚወጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ተቀብለው ሞተሩን ያዛሉ። እጁም ይከፈታል፤ ይዘጋል። ይሁን እንጂ መልእክቱ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከአንጎል ወደ እጅ ትእዛዝ ይወርዳል፤ ከእጅ ወደ አንጎል የሚመለስ ወሬ ግን የለም።

በመሆኑም ባለቤቱ በዓይኑ መዳሰስ ግድ ይሆንበታል። የፕላስቲክ ብርጭቆ ሲያነሳ ትኩር ብሎ ማየት አለበት። ለአፍታ ዞር ካለ ብርጭቆው ይጨማደዳል ወይም ይወድቃል። ብዙዎች በዚህ ድካም ተሰላችተው እጁን አውልቀው ማስቀመጥን ይመርጣሉ።

ለችግሩ የተፈለገው መፍትሔ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ በሰው ሠራሹ እጅ ጣት ላይ የዕቃውን መንሸራተት የሚያውቅ መሣሪያ ገጥሞ እጁ በራሱ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ይህ ዓይነቱ ለገበያ ከቀረበ ቆይቷል። ብርጭቆው ከመውደቅ ይድናል፤ ባለቤቱ ግን የተሰማው ነገር የለም።

ሁለተኛው መንገድ ስሜቱን ራሱን መመለስ ነው። እጅ ቢቆረጥም ከእጅ ይመጡ የነበሩት ነርቮች በክንድ ውስጥ ይቀራሉ። እነዚህ ነርቮች በስሱ በኤሌክትሪክ ሲነኩ አንጎል መልእክቱ ከጠፋው እጅ የመጣ ይመስለዋል።

የአልሜሪና ስድስት ወራት

ይህ በኢጣሊያ ርእሰ ከተማ በሮም ተሞክሯል። በሲልቬስትሮ ሚቼራ የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ባደረገው ሙከራ፣ ዴኒስ ኦቦ ሶረንሰን የተባሉ ዴንማርካዊ ዓይናቸው ተሸፍኖ፣ ጆሯቸው ተደፍኖ፣ የያዙት ዕቃ ጠንካራ ይሁን ለስላሳ ለይተዋል። ነገር ግን መሣሪያው ትልቅ ስለነበረ ከቤተ ሙከራው ይዘውት መውጣት አልቻሉም።

ቀጥሎ ተራው የአልሜሪና ማስካሬሎ ሆነ። እኚህ ኢጣሊያዊት ግራ እጃቸውን ካጡ ሩብ ምዕተ ዓመት ሊሞላቸው ተቃርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 እንደተገለጸው፣ መሣሪያው በጀርባ በሚታዘል ቦርሳ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አንሶ ተዘጋጀላቸው። ጣቶቹ የሚለኩትን ግፊት ኮምፒዩተሩ ለነርቭ በሚገባ ምልክት ይለውጠዋል፤ በላይኛው ክንዳቸው ነርቮች ውስጥ የገቡት ጥቃቅን ሽቦዎችም ምልክቱን ያደርሳሉ። ሴትዮዋ እንደተናገሩት፣ ያስደሰታቸው ትልቅ ተአምር መሥራታቸው አልነበረም። ልብስ መልበስና ጫማ ማድረግን የመሰለ የዕለት ተዕለት ሥራ ስለቀለላቸው ሙሉ ሰው የመሆን ስሜት ተሰምቷቸዋል።

የሚያሳዝነው ግን፣ እጁ ገና ለሙከራ የተሠራ በመሆኑ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ተወሰደ። ያገኙትን ስሜት ዳግመኛ አጡት።

ምርምሩ ግን አልቆመም። በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ላይ የተሳተፉ ኬቨን ዋልጋሞት የተባሉ ሰው፣ ስሜት ባለው ሰው ሠራሽ እጅ እንቁላል ሳይሰብሩ አንስተዋል፤ ወይን ሳያፈርጡ ቀጥፈዋል፤ የባለቤታቸውንም እጅ ይዘው ንክኪው ተሰምቷቸዋል። ከእንግዲህ የሚቀረው ሥራ ሽቦዎቹ በሰውነት ውስጥ ለብዙ ዓመታት እንዲያገለግሉ ማድረግና ዋጋውን ለብዙኃን ማቅረብ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

ከዚህ ምርምር በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን የምንማረው ቁም ነገር አለ። ስሜት የሌለው ሰው ሠራሽ እጅ ያለው ሰው የሚዳስሰው በዓይኑ መሆኑን ካወቅን፣ የሚሠራበት ቦታ በቂ ብርሃን ሊኖረው ይገባል። ትኩስ ሻይ በሚቀዳበት ጊዜ አንጥራው፤ ወሬም አንጀምርበት። ከሳህኑ ሥር እርጥብ ጨርቅ ብናነጥፍለት ሳህኑ አይንሸራተትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘገየ ብለን ብርጭቆውን ከእጁ አንቀማው። እኛ ሳናስበው የምንሠራውን እርሱ በሙሉ ልቡ አስቦ እየሠራው ነውና ጊዜ እንስጠው።