የያዕቆብ መልእክትና የእንጦጦው ዳገት

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ጠዋት ጠዋት ሁለት ዓይነት ሰው ይተላለፋል። አንዱ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ባዶ ጀሪካን ይዞ ወደ ጸበል ይወጣል። ሌላው ከ30 ኪሎ የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባው ተሸክሞ ወደ ከተማ ይወርዳል። እነዚህኞቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። እኔ በዚህ መንገድ ዳር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ በነርስነት ሠርቼም ጡረታ ወጥቻለሁ። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግኩት ስለ አንድ አጭር ደብዳቤ ነው፤ በአዲስ ኪዳን ውስጥ ስላለው የያዕቆብ መልእክት። ደብዳቤውን በቅጡ ያነበብኩት ካጠፋሁ በኋላ ስለሆነ፣ ከጥፋቴ ልጀምር።

ኮሪደሩ ላይ የተናገርኩት

ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ታማሚዎቻችንን አጽናንተን ከመሸኘት ያለፈ ብዙ የምናደርገው ነገር አልነበረንም። መድኃኒቱ ሲመጣ በአልጋ የመጣ ሰው በእግሩ ሲሄድ አየን። ታዲያ አንድ ሰው መድኃኒቱን ጀምሮ ሲያቋርጥ እንደ እብደት እንቆጥረው ነበር። ቫይረሱ መድኃኒቱን ይላመዳል፤ ከዚያ በኋላ ያው መድኃኒት ላይሠራ ይችላል።

በዚያው ዘመን ብዙ ታማሚዎች ከየክፍለ ሀገሩ ወደ እንጦጦ ጸበል ይመጡ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ትንንሽ ክፍል ተከራይተው ወራት ይቀመጣሉ። ጸበል በባዶ ሆድ ስለሚጠጣ የመድኃኒቱ ሰዓት ይዛባል። አንዳንዱም «ጸበልና ክኒን አብሮ አይሄድም» የሚል ምክር ሰምቶ ክኒኑን ይተዋል።

አንዲት የሰፈራችን ልጅ፣ እናቷ እንጨት ተሸክማ ያሳደገቻት፣ ቀጠሮዋን ሦስት ሳምንት አሳልፋ መጣች። የት እንደነበረች ስጠይቃት «ጸበል ነበርኩ ሲስተር» አለችኝ። እኔም ሰው በሞላበት ኮሪደር ላይ ጮክ ብዬ «ጸበሉ ካዳነሽ እዚህ ምን ልትሠሪ መጣሽ? አንዱን ምረጪ!» አልኳት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና ወጣች። ካርዷ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ።

ተመልሳ አልመጣችም። ከወራት በኋላ እናቷን ሸክሟን አሳርፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ስለ ልጅቷ ጠየቅኋት። እናትየው ዝም ብላ ቆየችና «ልጄ መድኃኒቱን አልጠላችም እትዬ፤ አንደበትሽን ፈራች እንጂ» አለችኝ። ልጅቷ ከስምንት ወር በኋላ ሌላ ቦታ ሄዳ እንደገና ጀምራለች፤ ነገር ግን በመሃሉ አቅሟ ሲደክም የያዛት ኢንፌክሽን የአንድ ዓይኗን ብርሃን ወስዶታል።

በዚያ ሳምንት ቅዳሴ ላይ የተነበበው ከያዕቆብ መልእክት ነበር። ቤት ገብቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። 5 ምዕራፍ፣ 108 ቁጥር ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ጸሐፊው ማን ነበር?

በአዲስ ኪዳን ያዕቆብ የሚባሉ ከአንድ በላይ ናቸው። የዘብዴዎስ ልጅ ያዕቆብ በሄሮድስ ሰይፍ ቀድሞ ሞቷል። በጥንቱ ትውፊት መልእክቱ የሚሰጠው «የጌታ ወንድም» ለተባለውና ለኢየሩሳሌም የመጀመሪያ ጳጳስ ለሆነው ያዕቆብ ነው። የኛ ስንክሳር ሐምሌ 18 ቀን ያስበዋል። የጥንት ጸሐፊዎች በጸሎት ብዛት ጉልበቱ እንደ ግመል ጉልበት ደድሮ ነበር ይላሉ። አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን እየተባለ ከሚጠራው መጽሐፍ በፊት የነበረው ፍላቪዩስ ጆሴፈስ ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 62 ዓ.ም. ገደማ በሊቀ ካህናቱ ትእዛዝ በድንጋይ እንደተወገረ ጽፏል።

እንግዲህ ጉልበቱ የደደረ ሰው ስለ ጸሎት ቢጽፍ አይገርምም። የሚገርመው ያ ሰው የጻፈው ደብዳቤ ከአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ ስለ ሥራ አጥብቆ የሚናገር መሆኑ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ዘመኑን ማየት ያስፈልጋል። የኢየሩሳሌም ምእመናን ድሆች ነበሩ። በቄሣር ቀላውዴዎስ ዘመን ረኃብ ደርሶባቸው ከአንጾኪያ እርዳታ ተልኮላቸዋል። ጳውሎስ ራሱ ያዕቆብን፣ ጴጥሮስንና ዮሐንስን ባገኘ ጊዜ አደራ ያሉት ድሆችን እንዳይረሳ ነው። መልእክቱም የሚጀምረው ከአገራቸው ተበትነው ለሚኖሩ ወገኖች ሰላምታ በማቅረብ ነው።

ለማን ነው የሚቆጣው?

ያዕቆብ ምሳሌው ሁሉ ከኑሮ የተቀዳ ነው። የወርቅ ቀለበት ያደረገ ሰውና ያደፈ ልብስ የለበሰ ድሃ እኩል ጉባኤ ቢገቡ፣ ለባለ ቀለበቱ ወንበር ስበን ድሃውን እግራችን ሥር ብናስቀምጠው ዳኝነታችን ጠማማ ነው ይላል። የተራበና የታረዘ ወንድማችንን ምንም ሳንሰጠው በሰላም ሂድ፣ ይሙቅህ፣ ጥገብ ብለን ብንሸኘው ምን ጠቀምነው? ብሎ ይጠይቃል። የአጫጆችን ደመወዝ ስለሚያስቀሩ ባለጠጎችም፣ ያ የቀረ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ይላል። ይህን ሳነብ፣ ያቺን እናት ከነሸክሟ አቁመን በሁለትና በሦስት ብር የምንከራከረው እኛ የሰፈሩ ሰዎች ትዝ አልነው።

ጳውሎስ ሰው በእምነት ይጸድቃል ሲል ያዕቆብ ሥራ የሌለው እምነት በድን ነው ማለቱ ብዙ አከራክሯል። በ16ኛው መቶ ዓመት ማርቲን ሉተር መልእክቱን ከገለባ ጋር እስከ ማመሳሰል ደርሷል። በጥንት ዘመንም አንዳንዶች ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ለመቁጠር አመንትተው ነበር። ለኛ ለኢትዮጵያውያን ደስ የሚለው፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ367 ዓ.ም. 27ቱን የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ዘርዝሮ ያዕቆብን ያስገባው የእስክንድርያው አትናቴዎስ መሆኑ ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው እሱ ነው።

እኔ ነገሩን በሙያዬ ነው የማየው። ሁለት ሐኪሞች ለሁለት የተለያዩ ሕመሞች ሁለት ዓይነት መድኃኒት ቢያዙ ተጣሉ አይባልም። ጳውሎስ አሕዛብ ካልተገረዙ አይድኑም የሚሉትን ይመልሳል። ያዕቆብ ደግሞ አምናለሁ እያለ እጁን ለማይዘረጋው ያዝዛል።

ጸሎትና ዘይት

ከታመመ ሰው ጋር የሚውል ሁሉ ምዕራፍ 5ን ቢያነብ መልካም ነው። ያዕቆብ የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ይጥራ፣ እነሱም በጌታ ስም ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ይላል። ከሰባቱ ምስጢራት አንዱ የሆነው ምስጢረ ቀንዲል መሠረቱ ይህ ነው። በዚያ ዘመን ዘይት መድኃኒትም ነበር። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው ቁስል ያከመው በዘይትና በወይን ነው። ያዕቆብ ቀቡት ሲል የተጠቀመበት የግሪክ ቃልም ሰው ገላውን ዘይት ሲቀባ የሚባለው የዘወትር ቃል ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ጸሎቱም ዘይቱም አሉ። አንዱን ምረጡ አላለም።

እኔ ግን ብያለሁ። ክኒኑን ጣሉ ያሉት ሰዎች የደብዳቤውን ግማሽ ያዙ፤ እኔ ሌላውን ግማሽ ይዤ ጮህኩባት። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ታማሚዎች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ሲናገሩ፣ ብዙዎቻችን የሕክምና ሰዎች እፎይ አልን። ለስንቱ ታማሚ የኅሊና ሸክም እንደቀለለ በዓይናችን አይተናል።

ትንሿ እሳት

ከሁሉ ይልቅ የወጋኝ ምዕራፍ 3 ነው። ያዕቆብ ምላስን ትልቅ ጫካ ከምታነድ ትንሽ እሳት ጋር ያመሳስላታል። እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም። በበጋ የደረቀ ባሕር ዛፍ ውስጥ የወደቀች አንዲት ክብሪት ምን እንደምታደርግ እናውቃለን። የኔ ክብሪት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች። የተናገርኩት ነገር በሕክምናው ስሕተት አልነበረውም፤ መድኃኒት አይቋረጥም። ነገር ግን እውነቱን ሰው ፊት ስወረውረው ልጅቷን ከመድኃኒቱ አባረራት።

ይቅርታ ልጠይቃት ቤቷ ሄድኩ። ረጅም ነገር አልተናገርንም። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን ሲስተር» አለችና ቡና አፈላችልኝ። ረከቦቱን ስታቀርብ በማያየው ዓይኗ በኩል ያለውን ስኒ በእጇ ዳሰስ አድርጋ ስታገኘው አየሁ። ዛሬም ድረስ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች፤ በወር አንድ ቀንም ጸበል ትወጣለች።

ውድ አንባቢያን፣ በቤታችሁ ጸበል የሚሄድ ታማሚ ካለ ይህን አደራ እላችኋለሁ። ኤች አይ ቪ፣ ቲቢ፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ሕመም ይሁን፣ የሚቆይበትን ቀን ቆጥራችሁ መድኃኒቱን አስይዙት። የስኳር ታማሚ ከሆነ ሳይበላ መዋል አደጋ ስላለው ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ጸበል እንደሚሄድ ለሐኪሙ ለመንገር አይፈር። የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ እናንተም ሲነግራችሁ አትቆጡት። ቀጠሮ ያለፈው ሰው በራችን ላይ ከታየ ዳገቱን ወጥቶ፣ ኀፍረቱን አሸንፎ የመጣ ነው። መጀመሪያ «እንኳን መጣህ» በሉት። የቀረውን በር ዘግታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ትነግሩታላችሁ።