ሩቅ ከመምታት በፊት ልክን ማወቅ

ወደ ጎልፍ መለማመጃ ሜዳ ጎራ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ተሰልፈው ባለ በሌለ ኃይላቸው የሚመቱ ሰዎችን ነው። አንድ ባልዲ ኳስ ይከራያሉ፤ ከቦርሳቸው ረጅሙን ዱላ፣ ድራይቨሩን፣ ይመዛሉ፤ ከዚያ አንዷ ሳታርፍ ሌላዋን ይልካሉ። ሜዳው ጫፍ ያለው መረብ ድረስ የደረሰች ኳስ ታስፈነድቃለች። ባልዲው ሲያልቅ ግን «ስንቷ ኳስ ካሰብክበት ቦታ አረፈች?» ተብለው ቢጠየቁ አብዛኞቹ መልስ የላቸውም። ሲጀመር የታሰበ ቦታ አልነበረምና።

እኔ የመለማመጃ ሜዳ ከምንም በፊት የመለኪያ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። እያንዳንዷ ኳስ ከመመታቷ በፊት የምታርፍበት ቦታና የምትጓዘው ርቀት ሊታወቅላት ይገባል። ጀማሪ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ከለመደ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ጨዋታው ራሱ የተሠራው በርቀት ላይ ነው። ሕጉ አንድ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ እንዲይዝ የሚፈቅደው፣ ዱላዎቹም እርስ በርስ የሚለያዩት፣ ለየርቀቱ የሚሆን እንዲኖር ነው። አይረን በሚባሉት የብረት ዱላዎች ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የዱላው ፊት ወደ ሰማይ ይጋደማል፤ ኳሷም ከፍ ብላ ቅርብ ትወድቃለች። የ7 ቁጥር አይረን ፊት በ30 ዲግሪ አካባቢ ያዘነበለ ነው። ለቅርብ ርቀት የሚያገለግሉት ዌጆች ከ45 ዲግሪ አካባቢ ተነስተው እስከ 60 ይደርሳሉ።

በአሜሪካ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ማርክ ብሮዲ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት መጽሐፍ የፒጂኤ ቱር፣ ማለትም የአሜሪካ ባለሙያ ጎልፈኞች የውድድር ዙር፣ 40 ምርጥ ተጫዋቾች ሌሎቹን በምን እንደሚበልጡ አስልተዋል። ከብልጫቸው 40 በመቶው የመጣው ከሩቅ ወደ ግሪን፣ ማለትም ጉድጓዱ ወዳለበት አጭር ሣር፣ ከሚላኩት ምቶች ነው። የመነሻ ምቶች ድርሻ 28 በመቶ፣ ግሪኑ ዙሪያ ያሉት አጫጭር ምቶች 17፣ ግሪኑ ላይ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የማንከባለሉ ደግሞ 15 በመቶ ሆኗል። ድራይቨር ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ትልቁ ልዩነት ግን የሚታየው ርቀትን በልኩ በመምታት ላይ ነው።

ከአቅጣጫ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ጠመንጃ የሚያነጣጥር ሰው ዓይኑ፣ አፈሙዙና ኢላማው በአንድ መስመር ላይ ናቸው። የጎልፍ ተጫዋች ግን የሚቆመው ከመስመሩ ጎን ነው፤ ኢላማውን የሚያየውም አንገቱን አዙሮ ነው። ዓይን ከዚያ ቦታ በቀላሉ ይታለላል። በታላላቆቹ ውድድሮች 18 ጊዜ ያሸነፈው ጃክ ኒክላውስ ይህን የሚፈታበት ዘዴ ቀላል ነበር። መጀመሪያ ከኳሷ ኋላ ቆሞ ወደ ኢላማው ያያል፤ በዚያው መስመር ላይ ከኳሷ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ያለ ምልክት፣ ቅጠል ወይም የተነቀለ ሣር፣ ይመርጣል፤ ከዚያ የዱላውን ፊት ሩቅ ወዳለው ባንዲራ ሳይሆን ወደዚያ ቅርብ ምልክት ያነጣጥራል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የዱላው ፊት፣ ቀጥሎ እግር። የእግሮች መስመርና የኳሷ መስመር ጎን ለጎን እንደታረሱ ሁለት ትልሞች ሳይገናኙ መሄድ አለባቸው። ስለዚህ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተጫዋች እግሮቹና ትከሻዎቹ የሚያመለክቱት ከኢላማው ጥቂት ወደ ግራ ነው። ትከሻውን ቀጥ አድርጎ ባንዲራው ላይ ያነጣጠረ ሰው ሳያውቀው ወደ ቀኝ አነጣጥሯል፤ ከዚያ ኳሷን ለመመለስ ሲል አመታቱን ያጣምማል፤ ጥፋቱን ግን በእጁ ያሳብባል። ስለዚህ ሲለማመዱ ሁልጊዜ አንድ ዱላ ከእግርዎ ፊት መሬት ላይ ያጋድሙ።

ኳሷ የምትመታበት የመለማመጃ ሜዳው ምንጣፍም ያታልላል። ምንጣፎቹ በአንድ አቅጣጫ ስለተነጠፉ ሰው ሳያስበው ከምንጣፉ ጠርዝ ጋር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህን ለማፍረስ ሆን ብለው በሰያፍ ያለ ኢላማ ይምረጡ፤ ሲመቱም ጎረቤትዎ ያለበትን ቦታ ልብ ይበሉ። የ1 ዲግሪ ስህተት 150 ሜትር ላይ ሲደርስ ወደ 2.6 ሜትር ይሆናል፤ 5 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ 13 ሜትር ያህል። ግማሽ ግሪን ማለት ነው።

ኢላማ ነጥብ እንዳልሆነም ይወቁ። የማንም ሰው ኳሶች ይበተናሉ፤ የባለሙያዎቹም ጭምር። ሜዳው ላይ ሁለት ምልክቶችን እንደ በር ይያዙና ከ10 ኳስ ስንቷ በመሃላቸው እንዳረፈች ይቁጠሩ። ኳሶችዎ ደጋግመው ወደ ቀኝ ከተበተኑ ችግሩ አቋቋም ይሁን አመታት መሬት ላይ ያጋደሙት ዱላ ይነግርዎታል።

ወደ ርቀት ስንመጣ ሥራው የሒሳብ ደብተር መያዝ ነው። በአንድ ዱላ 10 ኳስ ይምቱ፤ እጅግ የረዘመችውንና እጅግ ያጠረችውን ይተዉ፤ የቀሩትን አማካይ ይጻፉ። አየር ላይ የተጓዘችውንና መሬት ላይ የተንከባለለችውን ይለዩ፤ ከፊት አሸዋ ወይም ውኃ ካለ የሚያሻግረው የአየሩ ነውና። ብዙ ሰው ዱላ የሚመርጠው በሕይወቱ አንድ ቀን በመታት ምርጥ ምት ነው፤ ለዚህ ነው ኳሱ ሁልጊዜ ከግሪኑ በፊት የምትቀረው።

ቁጥሩን ሲጽፉ ርቀት የሚያሳየውን የሜዳውን ሰሌዳ ሙሉ በሙሉ አይመኑ። ሣር ላይ በሚመታበት ሜዳ ሣሩ እንዲያገግም የመምቻው መስመር ወደፊትና ወደኋላ ይዛወራል፤ ሰሌዳው ግን ባለበት ይቆያል። የመለማመጃ ኳሶችም ብዙ ጊዜ ከጨዋታ ኳስ ያነሰ ርቀት ይጓዛሉ። ምንጣፉ ደግሞ ከኳሷ በፊት መሬት የመታውን ዱላ አንሸራትቶ ስለሚያሳልፈው ሣር ላይ የሚያዋርድ ምት ጥሩ መስሎ ይታያል። በእጅ የሚያዝ የጨረር ርቀት መለኪያ ካለ በእሱ ይለኩ። አሜሪካ ውስጥ የሚለማመድ ሰው ሰሌዳው በያርድ መሆኑን አይርሳ፤ 100 ያርድ 91.44 ሜትር ነው።

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ ለሚጫወት ኢትዮጵያዊ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ አየሯም ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ኳሷን ብዙም አይገታትም። ተመሳሳይ ከፍታ ባለው የሜክሲኮ ሲቲ ቻፑልቴፔክ ክለብ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 በተካሄደው ውድድር ባለሙያዎቹ ርቀታቸውን 10 በመቶና ከዚያም በላይ አስበልጠው ማስላት ነበረባቸው። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ የተጻፈ ደብተር አዲስ አበባ ላይ አይሠራም፤ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

ለአጭር ርቀት ሙሉ ምት አይሆንም። እዚህ ላይ ቀድሞ የናሳ የፊዚክስ ተመራማሪ የነበሩት አሠልጣኝ ዴቭ ፔልዝ ያስፋፉት ዘዴ ይረዳል። ከፊት ሆኖ ለሚያይዎት ሰው ራስዎ 12 ቁጥር ላይ፣ ኳሷ 6 ቁጥር ላይ ያሉበት ትልቅ ሰዓት ያስቡ። ዱላውን ወደኋላ ሲወስዱ የግራ ክንድዎ አንድ ጊዜ በ7 እና በ8 መካከል፣ ሌላ ጊዜ 9 ላይ፣ ሌላ ጊዜ በ10 እና በ11 መካከል ይቁም። ፍጥነትዎን አይለውጡ፤ የሚለወጠው ዱላው ወደኋላ የሚሄድበት ርዝመት ብቻ ነው። ሦስት ዌጅ ያለው ሰው በዚህ መንገድ 9 የታወቁ ርቀቶች ያገኛል። ኃይልን በመቀነስ ርቀት ለማሳጠር የሚሞክር ሰው ግን ኳሷን በትክክል መምታት ያቅተዋል።

መጨረሻ ላይ ስለ አለማመዱ ራሱ። አንድን ዱላ ደጋግሞ ወደ አንድ ቦታ መምታት ቶሎ የተማርን ያስመስላል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሺአ እና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች የእጅ እንቅስቃሴዎችን አፈራርቀው የተለማመዱ ሰዎች በልምምዱ ጊዜ ቢያዘግሙም ቆይተው ሲፈተኑ የተሻሉ ሆነው እንደተገኙ አሳይተዋል። ጎልፍ ሜዳ ላይ ያው ምት ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ጥቂት ኳሶችን ለሰውነት ማሟሟቂያ ከመቱ በኋላ የሚያውቁትን ጉድጓድ በሐሳብዎ ይጫወቱ፤ በድራይቨር ይጀምሩ፣ የቀረውን ርቀት ይገምቱ፣ አይረን ይምረጡ፣ ካጠረች በዌጅ ይጨርሱ። በየምቱ ከኳሷ ኋላ ሄደው አዲስ ኢላማ ይምረጡ። ባልዲው ቀስ ብሎ ያልቃል፤ እንዲያውም ይህ ጥሩ ምልክት ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ሜዳው ሲሄዱ እርሳስና ትንሽ ደብተር ይያዙ። ድራይቨሩን ለጊዜው ከቦርሳው አያውጡት። በ7 ቁጥር አይረን ይጀምሩና ኳሷ አየር ላይ ስንት ሜትር እንደምትጓዝልዎ ሳይጽፉ አይመለሱ።