የተማሪ ልጃችሁን መጻሕፍት ከመግዛታችሁ በፊት

የበዓላቱ ወቅት አልፎ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ትምህርት ሲጀመር ልጆች ረጅም የመጻሕፍት ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ። አንዳንዱ መጽሐፍ ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ሸቄል ያወጣል። እኛም የነርስነት ትምህርት ስንጀምር ሁሉም መገዛት ያለበት መስሎን ወላጆቻችንን አስጨንቀናል። አብዛኞቹ በቤተ መጻሕፍቱ እንደሚገኙ ያወቅነው ከገዛን በኋላ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው የተቋሙ ቤተ መጻሕፍት (ሲፍሪያ) ነው። ለትምህርቱ ግዴታ የሆኑ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሰዓታት ወይም ለአንድ ቀን በውሰት ይሰጣሉ። ከዚህም ሌላ ቤተ መጻሕፍቱ ለአሳታሚዎች ከፍሎ የሚያስገባቸው የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት አሉ። ተማሪው በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ ቤቱ ሆኖ ያለ ክፍያ ያነባቸዋል። አንዳንዱ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ለተወሰኑ አንባቢዎች ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ፣ «ተይዟል» ካለ ቆይቶ መሞከር ነው። የይለፍ ቃሉ ግን ለእህት፣ ለወንድምም ሆነ ለጓደኛ አይሰጥም።

መምህራንም የሚነበበውን ምዕራፍ በትምህርቱ ድረ ገጽ፣ በሙድል፣ ላይ ያስቀምጣሉ። ታዲያ መጽሐፉን ሙሉውን ለምን አያስቀምጡትም? በ2007 የወጣው የእስራኤል የቅጂ መብት ሕግ የደራሲውን መብት በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላም ለ70 ዓመታት ይጠብቃል። ይኸው ሕግ ለግል ጥናት፣ ለምርምርና በትምህርት ተቋም ለማስተማር «ሺሙሽ ሆጌን»፣ ማለትም ፍትሐዊ አጠቃቀምን፣ ይፈቅዳል። የተወሰነ የገጽ ቁጥር የለውም። የሚመዘነው ለምን ዓላማ እንደተወሰደ፣ የሥራው ዓይነት፣ ምን ያህሉ እንደተወሰደና የመጽሐፉን ገበያ ይጎዳ እንደሆነ ነው።

በመሆኑም ለጥናት ጥቂት ገጾችን መገልበጥና ሙሉ መጽሐፍ ፎቶ አንስቶ በዋትስአፕ መበተን አንድ አይደሉም። የመብቱ ባለቤት ከከሰሰ፣ ፍርድ ቤት ጉዳት መድረሱ ሳይረጋገጥም እንኳ ለአንድ ጥሰት እስከ 100,000 ሸቄል ካሳ ሊወስን ይችላል። ጓደኞቹን የረዳ የመሰለው ልጅ ሳያስበው ዕዳ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

በነጻ የሚገኝም አለ። የእስራኤል ክፍት ዩኒቨርሲቲ «ፔር» በተባለው ፕሮጀክቱ ከመማሪያ መጻሕፍቱ የተወሰኑትን ለማንኛውም ሰው በኢንተርኔት ከፍቷል። የማየት ወይም የማንበብ ችግር ላለበት ልጅ ደግሞ በኔታንያ የሚገኘው ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት በድምፅ የተቀዱ መጻሕፍትን ያውሳል።

ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ልጃችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ፦

1. መጽሐፉ በሲፍሪያው አለ ወይ?
2. በኤሌክትሮኒክ ይገኛል ወይ?
3. የቀድሞው እትም ይበቃል ወይስ አዲሱ የግድ ነው?

ሦስተኛውን የሚመልሰው መምህሩ ነው። ለምሳሌ የመድኃኒት መጽሐፍ ከሆነ መረጃው ስለሚለወጥ አዲሱ ያስፈልጋል፤ ለሌሎች ትምህርቶች ግን አሮጌው ሊበቃ ይችላል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ መግዛት የግድ ከሆነና አቅም ካጠረ፣ ልጁ ወደ ተማሪዎች ዲካናት ሄዶ እርዳታ ይኖር እንደሆነ ይጠይቅ። ማፈር አያስፈልግም፤ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለ።

መልካም የትምህርት ዘመን!