እውነት ወይስ ተረት? መብረቅ የሚጎዳው የመታውን ብቻ ነው?

ክረምት በገባ ቁጥር ከቀበና ሽቅብ እስከ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ድረስ መብረቅ ያስፈራል። ስለ መብረቅና ስለ ኮረንቲ የሚወራው ሁሉ ግን እውነት አይደለም።

ተረት፦ መብረቅ የሚጎዳው በቀጥታ የመታውን ብቻ ነው።

እውነት፦ ዛፍ የመታ መብረቅ መሬት ገብቶ በየአቅጣጫው ይሰራጫል። የተለመደ መብረቅ ወደ 30,000 አምፔር ይደርሳል። አፈሩ ወጥ ነው፣ ሬዚስቲቪቲውም (ኮረንቲን የመቋቋም ባሕርይው) 100 ኦም ሜትር ነው እንበል። ከዛፉ 10 ሜትር ላይ 48,000 ቮልት፣ 11 ሜትር ላይ ደግሞ 43,000 ቮልት ያህል ይኖራል። አንድ እግሩን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ያሳረፈ ሰው ከ4,000 ቮልት በላይ ልዩነት ያገኘዋል። የሚጎዳው ይህ ልዩነት ነው። ከብት ከሰው ይበልጥ የሚሞተው የፊትና የኋላ እግሮቹ ስለሚራራቁ፣ ኮረንቲውም በደረቱ በኩል ስለሚያልፍ ነው።

ተረት፦ ቮልቱ በቀነሰ ልክ አደጋውም ይቀንሳል።

እውነት፦ አደጋው ከዚያ በፈጠነ ሁኔታ ይቀንሳል። በዚያው ምሳሌ ከዛፉ 100 ሜትር ላይ ቮልቱ ወደ 4,800 ይወርዳል፤ 10 ሜትር ላይ ከነበረው በአሥር እጥፍ አነሰ ማለት ነው። የአንድ ሜትር ልዩነቱ ግን 47 ቮልት ገደማ ብቻ ነው፤ ከ90 እጥፍ በላይ አንሷል።

ተረት፦ ርቀት እጥፍ ሲሆን ቮልት ሁልጊዜ በግማሽ ይቀንሳል።

እውነት፦ ይህ የሚሠራው ቻርጁ ወይም ኮረንቲው ከአንድ ነጥብ ሲነሳ ነው። ምንጩ እንደ ተቀበረ የብረት ቧንቧ ረጅም ከሆነ፣ በቅርብ ርቀት ላይ ቮልቱ የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር እኩል መጠን ይቀንሳል እንጂ አይገመስም። እኩል መጠን ያላቸው አዎንታዊና አሉታዊ ቻርጅ ተጠጋግተው ሲቀመጡ ደግሞ አንዱ የሌላውን ኃይል በአብዛኛው ስለሚያጠፋ፣ ራቅ ብሎ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ቮልቱ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ተረት፦ የወደቀ የመብራት ሽቦ ካልነኩት ምንም አያደርግም።

እውነት፦ ሽቦው ኮረንቲ ካለው በዙሪያው ያለው መሬትም ቮልት ይይዛል። የከተማ ማከፋፈያ መስመር 15,000 ቮልት ሊሸከም ይችላል። በአቅራቢያው የተገኘ ሰው ሮጦ አያምልጥ፤ ሰፊ እርምጃ ልዩነቱን ያሰፋዋል። እግሮቹን ገጥሞ፣ ከመሬት ሳያነሳ እየጎተተ ይራቅ። መብረቅ ሲያስገመግም ደግሞ ዛፍ ሥር መጠለል ይቅር፤ ቤት ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ይሻላል።