የመሪ ቦታና የረጅም ሾፌር ምቾት

መሪ ለአውቶሞቢል፣ ልጓም ለፈረስ እንደሆነው ነው። ፈረሰኛ ልጓሙን እንደልቡ ሊይዝ ካልቻለ ፈረሱን ሊገራ እንደማይችል ሁሉ፣ ሾፌርም መሪው ከእጁ የራቀ ወይም ከጉልበቱ የተጣበቀ እንደሆነ መኪናውን በሚገባ ሊያዝ አይችልም። ስለዚህ የመሪው ቦታ የምቾት ብቻ ሳይሆን የደኅንነትም ጉዳይ ነው።

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ የምትገኘው ሸጎሌ የተሽከርካሪ እንቅስቃሴ የማይለያት ሰፈር ናት። የከብት ገበያዋ የጭነት መኪናዎችን ይስባል፤ የከተማ አውቶቡስ ማደሪያ ግቢም ይገኝባታል፤ ሚኒባሶች መንገደኛ ያመላልሱባታል። ከማለዳ እስከ ምሽት ከመሪ ፊት ለሚውል ሾፌር፣ ይልቁንም ቁመቱ ከብዙዎች ለሚበልጥ፣ የጥቂት ሴንቲሜትር ልዩነት ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለው ሾፌር ጉልበቱን ለማሳረፍ ወንበሩን ወደ ኋላ ቢገፋ ክንዱ ይለጠጣል፤ ትከሻውም ከመደገፊያው ይላቀቃል። ክንዱን ለማሳረፍ ወደ ፊት ቢጠጋ ደግሞ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይጋጫል፤ እግሩም ከነዳጅ መስጫው ወደ ፍሬን በፍጥነት ለመሸጋገር ይቸገራል። ወገብ የሚያመው፣ አደጋም የሚቀርበው ከዚህ የተነሣ ነው።

ለዚህ ችግር መነሻው አንድ ዓይነት መኪና ልዩ ልዩ ቁመት ላላቸው ሰዎች መሠራቱ ነው። በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገለውን ላዳን ለምሳሌ እንውሰድ። ይህ መኪና የጣሊያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጎ በ1962 ዓ.ም. (በ1970 እ.ኤ.አ.) በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቶልያቲ ከተማ መመረት ጀመረ። የቀድሞው ላዳ መሪ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ማስተካከያ የለውም። በኋላ ዘመን የተሠሩ ብዙ አውቶሞቢሎች ግን ከመሪው ሥር ማስተካከያ እጀታ አላቸው፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ መሪውን ወደ ሾፌሩ ለመሳብ ያስችላሉ።

መሪውን ለመለወጥ ከመነሣት በፊት ወንበሩን ማስተካከል ይገባል። በመጀመሪያ መኪናው ቆሞ ሳለ ሾፌሩ ጀርባውን ከመደገፊያው ጋር አጣብቆ ይቀመጥ። ቀጥሎም ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ይርገጥ፤ በዚህ ጊዜ ጉልበቱ በመጠኑ እንደታጠፈ ሊቀር ይገባል። ከዚያ በኋላ ክንዱን ዘርግቶ የእጁን አንጓ በመሪው አናት ላይ ያሳርፍ። ትከሻው ከመደገፊያው ሳይነሣ አንጓው አናቱ ላይ ከደረሰ ርቀቱ ልክ ነው። ካልደረሰ የመደገፊያውን ዘንበል ይቀንስ። ማስተካከያ እጀታ ያለው እንደሆነም መሪውን ይሳብ፤ ከዚያም እጀታውን ቆልፎ መሪውን በመነቅነቅ መጽናቱን ያረጋግጥ። ይህ ሁሉ መኪናው እየሄደ ከቶ አይደረግም።

ማስተካከያ በሌለው መኪና ላይ አንዳንድ መካኒኮች በሮንዴላ ይጠቀማሉ። የመሪው ዘንግ ከዳሽቦርዱ ሥር የሚታሰረው በፊትና በኋላ ባሉ ቡሎኖች ነው። ወደ ሞተሩ በኩል ባሉት ቡሎኖች ላይ፣ በማያያዣውና በመኪናው አካል መካከል ሮንዴላ ሲገባ የዘንጉ የፊት ክፍል ዝቅ ይላል፤ በሾፌሩ በኩል ያለው መሪ ደግሞ ከፍ ይላል። ነገሩ እንደ ሚዛን ነው። የፊትና የኋላ ቡሎኖች በ15 ሴንቲሜትር ቢራራቁ፣ መሪውም ከኋላኞቹ ቡሎኖች 30 ሴንቲሜትር ቢርቅ፣ የግማሽ ሴንቲሜትር ሮንዴላ መሪውን 1 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ የገባው ሮንዴላ የቡሎኑን ጥርስ በዚያው መጠን ይሻማል። ስለዚህ በእኩል ጥንካሬ የተሠራ ረዘም ያለ ቡሎን ሊተካ ይገባል፤ የሚነክሰውም የጥርስ ርዝመት ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል መሆን አለበት። ዘንጉን ከታች የሚያገናኘው ክሮቸራም መሪው ከዳር እስከ ዳር ሲዞር እንዳይያዝ መመርመር ያስፈልጋል።

ከዚህ አልፎ ዘንጉን ቆርጦ በብየዳ ማስረዘም እጅግ አደገኛ ነው። ብየዳ የብረቱን ጠባይ ይለውጣል፤ በመንገድ ላይ ቢሰበር መኪናው ልጓሙ እንደተበጠሰ ፈረስ ይሆናል። ከዚህም በላይ በብዙ መኪናዎች የመሪው ዘንግ በግጭት ጊዜ እንዲተጣጠፍ ወይም እንዲሰበሰብ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ዓላማውም የሾፌሩን ደረት እንዳይወጋ ነው። በአሜሪካ ከ1968 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ ለሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ሾፌሩን በግጭት ጊዜ ከመሪው ጉዳት የሚጠብቅ አሠራር በሕግ ተደንግጓል። ዘንጉን ያለ ዕውቀት የሚለውጥ ሰው ይህን ጥበቃ ሊያጠፋው ይችላል።

በመሪው እምብርት ውስጥ የአየር ከረጢት ባለበት መኪና ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻል። ከረጢቱ በግጭት ጊዜ በቅጽበት የሚፈነዳ ስለሆነ፣ ከሾፌሩ ደረት እስከ መሪው እምብርት ቢያንስ 25 ሴንቲሜትር ያህል ርቀት እንዲኖር ይመከራል። በእንዲህ ያለ መኪና መሪውን መፍታትም ሆነ ማስረዘሚያ መጨመር በሙያው ላልሠለጠነ ሰው የሚተው ሥራ አይደለም።

ለውጡ ከተፈጸመ በኋላ መኪናው በዝግታ፣ ሰውና ተሽከርካሪ በሌለበት ስፍራ ይፈተናል። ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራም ጊዜ የተለወጠውን ክፍል ሳይደብቁ ማሳየት ተገቢ ነው።

እንግዲህ ከላይ እንደተመለከተው የሥራው ቅደም ተከተል ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው፤ አስቀድሞ ወንበሩ፣ ቀጥሎ ማስተካከያ እጀታው፣ በመጨረሻም፣ የግድ ከሆነ ብቻ፣ በባለሙያ እጅ ማያያዣው። ዘንጉ ግን አይነካም። ሾፌሩ የሚሻው ምቾት የራሱ ነው፤ መሪው ግን የተሳፋሪውንና የእግረኛውንም ሕይወት ይዟል።